የባዘነ ከብትና የ999 ዓመት ሊዝ፦ ኬንያ ጋዜት በጉግል ቡክስ

የኬንያ መንግሥት ሕጎቹንና ማስታወቂያዎቹን የሚያወጣበት ኬንያ ጋዜት፣ ከ1899 ወዲህ የታተሙ የቆዩ እትሞቹ በጉግል ቡክስ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው የተሠራው የአገሪቱ የሕግ ዘገባ ምክር ቤት ከጉግል ጋር ተባብሮ የወረቀት ጥራዞቹ ገጽ በገጽ ስካን እንዲደረጉ በማድረጉ ነው። እኔ ወደ መዝገቡ የገባሁት በኬንያ ትልልቅ የከብት እርባታዎች ዘንድ ስመ ጥር ስለሆነው የቦረና ከብት አንድ ሁለት ነገር ለማጣራት ብዬ ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ስገልጠው ከከረምኩ በኋላ ግን በቅኝ ግዛት ዘመን አንድ የእርሻ ወረዳ ከቀን ወደ ቀን እንዴት ይተዳደር እንደ ነበር እዚህ ያየሁትን ያህል በቅርበት ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ እትም ሲከፈት ከፊት የሚመጣው ሹመት፣ አዋጅና ደንብ ነው። የሕግ ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ ይህን ክፍል ዘለል ዘለል እያደረገ ቢያልፈው ብዙ አይጎዳም፤ የመዝገቡ ሀብት ያለው ከኋላ በደቃቅ ፊደል በተደረደሩት ማስታወቂያዎች ውስጥ ነውና። በናኩሩ፣ በናይቫሻ፣ በዋሲን ጊሹና በትራንስ ንዞያ ለነበሩት ነጭ ገበሬዎች ኑሮ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሁሉ በዚያ ያልፋል፦ ለጨረታ የቀረበ መሬት፣ ከሟቹ ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል ሁሉ እንዲቀርብ የሚያዝ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የፈረሰ ሽርክና፣ የኪሳራ ውሳኔ፣ የመጠጥ ፈቃድ ችሎት የሚቀመጥበት ቀን፣ የሚዘጋ መንገድ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የባዘነ ከብት።

የከብት ምልክት ዝርዝሩን ለምሳሌ ልውሰድ። ከብቱን በጋለ ብረት ተኩሶ ምልክት የሚያደርግበት ሰው ምልክቱን ያስመዘግባል፣ የተመዘገበውም በጋዜት ይወጣል፤ ስለዚህ በአንዱ ዓምድ የባለቤቱ ስም፣ በሌላው ወረዳው፣ በሌላው ደግሞ ምልክቱ ተደርድሮ ይታያል። ከዚህ የደረቀ ንባብ የለም። ሆኖም የሁለት ሦስት ዓመቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ማን አዲስ እንደ መጣ፣ ማን ከሸለቆው ወደ ደጋው እንደ ወጣ፣ የማንስ ስም ብዙም ሳይቆይ ወደ ኪሳራው ዓምድ እንደ ተሻገረ በዓይኑ ይከታተላል። ከዚህ ጎን የበሽታ ማስታወቂያዎቹ አሉ፦ በእንዲህ ያለ ወረዳ የሚገኘው፣ ቁጥሩ እንዲህ የሆነው እርሻ፣ በመዥገር የሚተላለፈው ኢስት ኮስት ፊቨር ወይም የከብት ሳምባ በሽታ ስለ ገባበት የተበከለ ክልል ተብሏል፤ ከብት ያለ ፈቃድ እንዳይገባም እንዳይወጣም። እርሻዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት በመሬት መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባሉ። ቁጥሩን ከመሬት ማስታወቂያዎቹ ጋር ማያያዝ የለመደ አንባቢ ግን የአንዱን እርሻ ዕድሜ ከምሪቱ እስከ ሽያጩ ሊከተለው ይችላል፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ ይበልጥ የጣመኝ ይህ ነው።

የከብት በሽታ ይህን ያህል ቦታ መያዙ አያስገርምም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች በምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች ሳቢያ የተዛመተው የደስታ በሽታ በእኛ አገር ክፉ ቀንን ካመጣ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን መንጋ ፈጅቷል፤ በላዩም ፈንጣጣና ረኀብ ተደርበውበታል። እንግሊዞች የባቡር ሐዲዱን በ1901 እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲያደርሱ የስምጥ ሸለቆው ግጦሽ ባለቤት የሌለው መስሎ የታያቸው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በ1904ቱ ስምምነት ማሳዮች ከሸለቆው ተነሥተው ገሚሶቹ ወደ ላይኪፒያ፣ ገሚሶቹ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ በ1911 ደግሞ ላይኪፒያንም ልቀቁ ተባሉ፤ ፍርድ ቤት ቢሄዱም በ1913 ተረቱ። ጋዜቱን የሚከፍት ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ የመሬት ማስታወቂያው የሚነግረው የእርሻውን ቁጥር፣ ስፋቱንና ኪራዩን እንጂ ቀድሞ በዚያ ማን ከብቱን ያሰማራ እንደ ነበር አይደለምና።

መሬቱን የሚመለከቱት ማስታወቂያዎች ከሕጎቹ ጋር ጎን ለጎን ሲነበቡ ይበልጥ ይናገራሉ። በ1902 የወጣው የዘውድ መሬት ሕግ ለሰፋሪ የሚሰጠውን ሊዝ 99 ዓመት አድርጎት ነበር፤ የአዲስ አበባ ባለይዞታ ቁጥሩን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሰፋሪዎቹ ግን አነሰን ብለው ሲወተውቱ ቆይተው በ1915ቱ ሕግ 999 ዓመት አገኙ። በዋሲን ጊሹ ደጋ ላይ በ1908 ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ቦየሮች (በአብዛኛው የደች ዝርያ ያላቸው ነጮች) በበሬ ሠረገላ ገብተው ሰፈሩ። ከተማቸው የተቆረቆረበት እርሻ ቁጥሩ 64 ስለ ነበር መንደሩ ራሱ «64» ተብሎ ሲጠራ ቆየ፤ ኤልዶሬት የሚለውን ስም ያገኘው በ1912 ነው። (እንደሚወራው የመጀመሪያው ባንክ የተሠራው ከሠረገላ ላይ የወደቀ የብረት ካዝና አልነሣ ስላለ ዙሪያውን ግድግዳ በማቆም ነው፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ግን ከጋዜት መጠበቅ አይገባም።) ለእነዚህ ወረዳዎች በ1928ቱ ሕግ የወረዳ ምክር ቤቶች ሲቋቋሙላቸው የመንገድና የምርጫ ማስታወቂያዎቹ ይበዛሉ፣ አንባቢውም የትኛው ድልድይ ለማን እርሻ እንደሚቀርብ መገመት ይጀምራል።

የመዝገቡ ትልቁ ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም የጋዜቱ የራሱ እንጂ የስካን ሥራው አይደለም። በሬው ምልክት አለው፣ ባለ በሬውም ስም አለው፤ በሬውን የሚጠብቀው ሰው ግን በገጹ ላይ የለም። በ1918 የወጣው ሕግ በሰፋሪ እርሻ ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር አፍሪካዊ በዓመት ቢያንስ 180 ቀን ለባለ እርሻው እንዲሠራ አስገድዷል። እኛ ይህን ሰው ጭሰኛ ልንለው ይቃጣናል፤ ነገር ግን ጭሰኛ የሚገብረው በዋናነት ከምርቱ ሲሆን፣ ይህኛው የሚከፍለው በቀናቱ ነበር። አንገት ላይ በብረት ማኅደር የሚንጠለጠለው ኪፓንዴ የተባለው የሠራተኛ መታወቂያም መነሻው የ1915 ሕግ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን የቀረው በ1947 ነው። በጋዜቱ እነዚህ ሁሉ በአንቀጽና በንኡስ አንቀጽ ብቻ ይታያሉ። የቋንቋው ጉዳይም አለ። የእኛ አገር ጋዜጣ ስሙን የወረሰው ከነጋሪቱ ነው፤ በጥንቱ ሥርዓት አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ገበያተኛው ወሬውን ይዞ በየመንደሩ ይበተን ነበር፤ ነጋሪት ጋዜጣም በ1942 ሲጀመር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የወጣው። ኬንያ ጋዜት ግን በእንግሊዝኛ እየታተመ፣ ከብቱ የታገደበት እረኛ ሊያነበው የማይችለውን ሕግ እንደ ተነገረ ያስቆጥር ነበር።

ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። የፍለጋ ሳጥኑ የሚሠራው ማሽን ከድሮ ኅትመት ላይ በለቀመው ጽሑፍ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ ወይም ፊደሉ የተሰበረ ገጽ ደግሞ ለየትኛውም ማሽን አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፍለጋው ምንም አላመጣም ማለት ነገሩ የለም ማለት አይደለም። የራሴ ስሕተት ግን ሌላ ነበር። ቦታዎቹን በዛሬው አጻጻፍ ስፈልግ ሦስት ምሽት አባክኛለሁ፤ በድሮዎቹ እትሞች ዋሲን ጊሹ «ጓስ ንጊሹ» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ መኖሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ፍለጋውን በድሮው አጻጻፍ መጀመር፣ ካልሆነም ዓመቱን መርጦ እትሞቹን በተራ መግለጥ ይሻላል። በስልክ ለማንበብ አልመክርም፤ በሁለት ዓምድ የተደረደረው ደቃቅ ፊደል ሲጎላ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ሰንጠረዦቹማ ፈጽሞ አይነበቡም። አንድን ቃል በብዙ የአፍሪካ አገሮች የመንግሥት ጋዜቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ መፈለግ የሚሻ ሰው ጋዜትስ ዶት አፍሪካ የተባለውን ነጻ ገጽ ቢሞክር ይቀለዋል፤ እትምን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ግን እኔ የጉግሉን እመርጣለሁ።

የናይሮቢን ኑሮ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ የታሪክ ተማሪ፣ ወይም የመሬት ሕግ የሚያጠና ሰው ገንዘብ ሳያወጣ ይህን ያህል የሚያገኝበት መዝገብ ብዙ የለም። ትረካ ለሚፈልግ አንባቢ ግን አይሆንም፤ ታሪኩን ከየማስታወቂያው እየለቀመ የሚሰፋው አንባቢው ራሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ከ1908 እስከ 1914 ያሉትን እትሞች እመክራለሁ፤ ሕጉም፣ ሰፋሪውም፣ በሽታውም ገና እየተፈራረቁ የሚገቡበት ጊዜ ነው።

የተነሣሁበትን የቦረና ከብት በዘሩ ስም ስፈልገው ብዙ አልቀናኝም። ከብቱ ከቦረና ምድር ተነሥቶ በሶማሌ ነጋዴዎች እጅ ወደ ሰፋሪዎቹ እርሻ ቢደርስም፣ የራሱ አርቢዎች ማኅበር የተቋቋመለት በ1951 ነው። ከዚያ በፊት የኬንያ ሰሜን ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ ወረዳ፣ ከብቱም በበሽታ የሚጠረጠር ስለ ነበር፣ ፍለጋዬን ከዘሩ ስም ወደ ኳራንቲን ማስታወቂያዎቹ ሳዞር ነው ፈለጉን ማግኘት የጀመርኩት።