ቲፒ4056 የቻርጅ ቦርድ፦ ጥሩ ዕቃ ናት፣ አንዲት ሬዚስተር ከቀየራችሁላት

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ቻርጅ አልቀበል ያለ ራዲዮ ወይም የሶላር ፋኖስ ካላችሁ ከመጣሉ በፊት ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ጎራ በሉና ይህችን ቦርድ ጠይቁ። ርዝመቷ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የሊቲየም ባትሪን 4.2 ቮልት ድረስ ሞልታ ራሷ ታቆማለች፤ ስትሞላ ቀይ፣ ስትጨርስ ሰማያዊ ታበራለች።

ሁለት ዓይነት አለች። ለባትሪው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያላትን ተዉአት። የምትፈለገው ከባትሪው ቀዳዳ ሌላ «አውት» የሚሉ ሁለት መውጫዎችና ሁለት ትርፍ ቺፖች ያሏት ናት። እነዚያ ቺፖች ባትሪው ወደ 2.4 ቮልት ሲወርድ ወይም መስመሩ ሾርት ሲያደርግ ይቆርጣሉ።

አሁን ወደ ሬዚስተሯ፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ወደምትገድበው ትንሽ ዕቃ። ቦርዷ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው 1 አምፒር እንድትሰጥ ተደርጋ ነው። ከላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ለሚወጣው ወፍራሙ 18650 ለሚባለው ባትሪ ይህ ይስማማዋል። እረኛው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ትንሽ ራዲዮ ግን ብዙውን ጊዜ የምትሠራው ቢኤል-5ሲ በሚባለው የኖኪያ ስልክ ባትሪ ነው። እሱ አዲስ ሆኖ የሚይዘው ወደ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ያረጀውማ ከዚያም ያንሳል። በ1 አምፒር ሲሞላ ይግላል፣ ሲደጋገም ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ «ቦርዷ ባትሪ ገደለች» ይባላል። የፍሰቱን ልክ የምትወስነው ከዋናው የቻርጅ ቺፕ ሁለተኛ እግር ጋር የተያያዘችው፣ ጀርባዋ ላይ «122» የተጻፈባት የ1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ናት። በ2 ኪሎ ኦም ስትተካ 580 ሚሊአምፒር፣ በ3 ኪሎ 400፣ በ5 ኪሎ 250፣ በ10 ኪሎ 130 ታሳልፋለች። ለደህና ቢኤል-5ሲ 2 ኪሎ፣ ለደከመው 3 ኪሎ አድርጉ።

ሬዚስተሯን ለማንሳት ፍላክስ (የመበየጃ ቅባት) ቀቡ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሊድ (መበየጃ) ጨምሩ፣ የሶልደሪንግ አይረኑን ጫፍ አጋድማችሁ ሁለቱን ባንዴ አቅልጡና በወረንጦ ገፋ አድርጉ። ሊዱ ሳይቀልጥ ከጎተታችሁ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይላጣል። ትንሿ ካልተገኘች ባለ እግሯ ተራ ሬዚስተር እግሯ አጥሮ ትሠራለች፤ ራዲዮው ከተዘጋ ውበቷን ማን ያያል!

ይህ ለክረምትም ይጠቅማል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው አልገፈፍ ሲል ትንሽ ሶላር 1 አምፒር ሲጠየቅ ቮልቱ ይወድቅና ቀዩ መብራት ቦግ እልም ሲል ይውላል። 3 ኪሎ ኦም ላይ ቀስ ብላም ቢሆን ትሞላለች። የበጋው ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዋናው ቺፕ የሚቀበለው ጣሪያ 8 ቮልት ሲሆን፣ «6 ቮልት» የተባለ ፓነል በጠራራ ፀሐይ ምንም ሳይሸከም ከ7 ሊያልፍ ይችላል። አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በፓነሉና በቦርዷ መሐል አስገቡ፣ ወደ 0.7 ቮልት ይቀንስላችኋል። ባለ 12 ቮልቱን ፓነል በቀጥታ ካገናኛችሁ ግን ቦርዷን ተሰናበቷት።

ፋኖስ ስትከፍቱ መጀመሪያ የባትሪውን ጽሑፍ አንብቡ። 3.7 ቮልት ካለ ቀጥሉ። 3.2 ቮልት ካለ ሌላ ዓይነት ሊቲየም ነውና ከ3.65 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም፤ ይህች ቦርድ ታበላሸዋለች። ባለ 4 ቮልቱ የእጅ ባትሪ ውስጥ ያለው የእርሳስ አሲድ ባትሪም የእሷ ሥራ አይደለም።

የማልወድላት ሁለት ነገር አለ። ባትሪው ተገልብጦ ከተገጠመ መከላከያ የላትም፣ ወዲያው ትጨሳለች፤ ስለዚህ ሊድ ከመንካታችሁ በፊት ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በቴስተር ለዩ። የዩኤስቢ መሰኪያዋም ደካማ ናት፣ ገመድ በተጎተተ ቁጥር ትላቀቃለች። ሁለት ሽቦ «ኢን» በሚሉት ቀዳዳዎች ላይ በቀጥታ መበየድ ይሻላል።

ገጥማችሁ ጨርሳችሁ መውጫው ላይ ዜሮ ቮልት ብታገኙ አትደንግጡ፦ ቻርጀሩን ለአፍታ ሰክታችሁ ንቀሉ፣ መከላከያው ይከፈታል። ቀዩ መብራት ሌሊቱን ሙሉ አልጠፋ ካለ ደግሞ ራዲዮው እየተዘፈነበት ነው የሚሞላው፤ ቦርዷ «ሞልቷል» የምትለው የምትሰጠው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ነውና፣ ራዲዮው ሲጠጣባት አይወርድላትም። አጥፉት።