የረር የሚያወጣኝ ውሻ

ቅዳሜ ጠዋት ተራራ የምወጣው ብቻዬን ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሃይኪንግ የሚሉት ነገር አለ፤ አውቶቡስ ሞልቶ፣ ስፒከር ተሸክሞ፣ ጫፍ ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ። እሱ ለእኔ አልሆነኝም። ብቻዬን መሄዴ ግን እናቴን እንቅልፍ ነሳት። "ወይ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ወይ እቤትሽ ተቀመጪ" አለችኝ። ውሻ ይዤ መጣሁ። "እኔ ሰው አልኩ እንጂ!" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ሁለት ውሻ አሳደግኩ፣ አንድ የሰው ውሻም በአደራ ይዤ ወጣሁ። የረርን፣ ወጨጫን፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ያለውን ዳገት ረግጠናል። ሰው "የትኛው ዝርያ ይሻላል?" እያለ ሲጠይቀኝ መልሱ ረጅም ነው። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

የመጀመሪያው ሬክስ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ። የመረጥኩት በመልኩ ነው፣ አልዋሽም። ሻጩ "ንጹህ ዘር ነው፣ አባቱ የፖሊስ ውሻ ነበር" አለኝ። የሁለት ወር ደመወዜን ቆጥሬ ሰጠሁት። የክትባት ካርዱን አየሁ። የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅ ግን አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚጠየቅ ማን ነግሮኝ!

ብትገዙ እናንተ ጠይቁ። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በትልልቅ ዝርያዎች ላይ በዘር የሚወርድ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ በዚህ ይታወቃል። ወላጆቹ ደህና ቢሆኑም እንኳ ቡችላው አጥንቱ እስኪጠና፣ ማለትም ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ድረስ፣ ከባድ ዳገትና ቁልቁለት አይሆንለትም። እኔ ሬክስን የረር ያወጣሁት በሰባት ወሩ ነው። የረር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሲወርድ የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እየሰበሰበ እንደ ጥንቸል ይዘል ነበር። ሳቅኩና በስልኬ ቀረጽኩት። በኋላ ሐኪሙ ያንን ቪዲዮ አይቶ አልሳቀም።

እግሩን ትተን ካየነው ግን ሬክስ ግሩም ጓደኛ ነበር። "ና" ካልኩት ድኩላ እያሳደደም ቢሆን ይመለሳል። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመን አገር በስሙ ሲመዘገብ ሥራው በግ ጥበቃ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መንጋውን እየዞረ መሰብሰብ። ጠባዩ አለቀቀውም። ስንሄድ ፊቴ ይቀድማል፣ ይመለሳል፣ በኋላዬ ይዞራል፣ እንደገና ይቀድማል። መንጋው እኔ ነበርኩ።

ጣጣው የመጣው በድንጋይ ነው። የሐበሻ ውሻ ከድንጋይ ጋር ነው ያደገው። ሰው ጎንበስ ሲል ምን ሊያነሳ እንደሆነ ያውቃል። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ማለቱ ብቻ ይበቃል፣ እግሬ አውጪኝ ይላል። ተራራው ሥር ያሉ መንደሮች ውስጥ ውሾቹ አራት አምስት ሆነው እየጮሁ ይመጣሉ። እኔ እነሱን ለማባረር ጎንበስ ስል ሬክስ ኳስ ልወረውርለት መስሎት ጭራውን ይቆላል! ሲጠጉት ደግሞ ቤቱን የሚጠብቅ ይመስል ደረቱን ገልብጦ ይገጥማል። 36 ኪሎ ነው። ገመዱ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፣ በሆዴ ጎተተኝ። አንድ እረኛ ልጅ በፉጨት ብቻ ውሾቹን በተናቸው። ከዚያ እኔን አይቶ ሳቀ፤ አልፈርድበትም።

ስለ ሐስኪው፣ በበረዶ አገር ጋሪ ስለሚጎትተው ውሻ፣ ብዙ አልልም። ጓደኛዬ ለሥራ ውጭ ሄዳ ሦስት ሳምንት አደራ ሰጠችኝ። "እዚህ አገር ሙቀት ይገድለዋል" ይላሉ። የአዲስ አበባ ጠዋት አይገድለውም፤ የቀትሩ ፀሐይ ግን አይቻልም፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ቁልቁል መጀመር አለባችሁ። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ለእሱ ብቻ ሦስት ሊትር ውሃ ተሸክሜያለሁ። ግን ያስመረረኝ ሌላ ነው። ሐስኪ የተፈጠረው ሊጎትት ነው፤ ከተፈታ ዞር ብሎ አያይም። ወጨጫ ላይ ፈታሁት። ሁለት ዶሮ ጨረሰ። ባለቤቱን "አባባ ይቅርታ፣ እከፍላለሁ" ስላቸው "ልጄ፣ ይሄ ቀበሮ ነው ውሻ?" አሉኝ። ከፈልኩ።

ሦስተኛው መቻል ነው። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካርቶን ውስጥ ያገኘሁት ቡችላ። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ ለማን እንደተወረወረ ገብቶኛል። ዝርያው? የሐበሻ ውሻ። ዳማ፣ ቀጭን፣ ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ፣ 18 ኪሎ። ከልኳንዳ ቤት በሚመጣ ቅንጥብጣቢና በሩዝ ይኖራል።

ከመንደር ውሾች ጋር ሲገናኝ ጭራውን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይሰብራል፣ ሰፋ አድርጎ ዞሮ ያልፋል። ፀብ የለም። ዓመት ተኩል እስኪሞላው ታግሼ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቀን የረርን ወጥቶ ወርዶ ማታ ግቢ ውስጥ ድመት ሲያባርር ነበር።

አንድ ቀን ከእንጦጦ ጀርባ ስንመለስ መሸብን። አስራ ሁለት ተኩል ገደማ። መቻል መንገዱ መሃል ቀጥ አለ። የጀርባው ፀጉር ተነሳ። አልጮኸም፤ እግሬ ሥር ተለጥፎ አላራምድ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጅቦች መንገዱን ተሻግረው ወደ ገደሉ ወረዱ። ሬክስ ቢሆን ይሮጥባቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አስር ሰዓት ላይ ቁልቁል እየወረድኩ ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለተራራ ብቻ ሬክስ ከአስር አምስት፣ ሐስኪው ሦስት፣ መቻል ስምንት። መቻልን ሁለት ነጥብ የቀነስኩበት ምክንያት አለ። ሲጠራ የሚመጣው ሲመቸው ነው። የሞተ ነገር ካየ ተንከባሎበት ነው የሚመለስ። መኪናም አይወድም። የረር እግር ድረስ በቪትዜ ስንሄድ ሁለት ጊዜ ያስመልሰዋል። ራይድ ብጠራማ ሾፌሩ ውሻ ሲያይ ትዕዛዙን ይሰርዛል።

የትኛውንም ብትይዙ የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ አሳድሱ። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማይኬድበትም አለ። ዝቋላ ጫፍ የአቦ ገዳም ነው፤ ውሻ ይዞ ቅጥሩ መግባት አይታሰብም። ባሌና ሰሜን ተራሮችማ ጭራሽ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 አይሞላም፣ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። ባሌ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ብዙ ቀበሮ የጨረሰው ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። "የእኔ ተከትቧል" ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ ውሻ ከቀበሮው ጋር ይዳቀላል፣ ሌላም በሽታ ያስተላልፋል። ባሌ ስሄድ መቻል እቤት ይቀራል።

ሬክስ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። መድኃኒቱን እናቴ በሥጋ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ያቺ "ውሻ ካለበት ቤት መልአክ አይገባም" ስትል የነበረችው። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳስር እሱም ይነሳል። እስከ አስፋልቱ ድረስ አራታችንም እንሄዳለን። ከዚያ እናቴ ገመዱን ይዛ ከሬክስ ጋር ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እርምጃ ለዳሌው ጥሩ ነው ብሎ ሐኪሙ አዟል። እሷንም ሐኪሟ ለስኳሯ አዟታል።