ኮሃ ጊዜ ያለፈባቸውን መጻሕፍት ለማስወገድ ሲመዘን

ኮሃ፣ ቤተ መጻሕፍት ክምችታቸውንና ውሰታቸውን ለማስተዳደር ያለ ክፍያ አውርደው የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ነው። መጀመሪያ የተሠራው ኒውዚላንድ ውስጥ ለሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን ሥራ የጀመረው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ የሚመዘነው በአንድ ሥራው ብቻ ነው፦ ያረጁ መጻሕፍትን ለይቶ ከክምችት በማውጣት።

ጥንካሬው የሪፖርት ክፍሉ ላይ ነው። በኤስኪውኤል (ከመረጃ ቋት መረጃ በሚጠየቅበት ቋንቋ) የተጻፈ ጥያቄ አንዴ ካስቀመጡለት የምደባ ቁጥሩን፣ የኅትመት ዓመቱንና የመጨረሻውን የውሰት ቀን አሰልፎ በፈለጉት ጊዜ ያወጣል። መስፈርቱን ክሩ (CREW) ከተባለው የቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማስወገጃ መመሪያ መውሰድ ያዋጣል። መመሪያው ለሕክምና (የምደባ ቁጥር 610) 5/3 ይላል፤ ከታተመ 5 ዓመት ያለፈው ወይም 3 ዓመት ሙሉ ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ይመርመር ማለት ነው። ለኮምፒውተር (004) ግን የሚታየው የኅትመቱ 3 ዓመት ነው፤ ተፈላጊነቱ ከግምት አይገባም። ትክክል ነው፤ የተሳሳተ መጽሐፍ ብዙ ሰው ስለወሰደው አይታረምም።

ዝርዝሩን የሚያበላሸው ባዶ ቀን ነው። ማንም ተውሶት የማያውቅ መጽሐፍ የውሰት ቀን የለውም፤ «ከዚህ ቀን በፊት የተዋሰ» የሚል ጥያቄም ባዶውን አልፎት ይሄዳል። እናም ለመወገድ ከሁሉ የቀረበው መጽሐፍ ሳይታይ ይቀራል። «ወይም ቀኑ ባዶ የሆነ» የሚል ሁኔታ መጨመር ግድ ነው። አብሮም ወደ ክምችት የገባበት ቀን ይገደብ፤ አለዚያ ሰሞኑን የተገዛው ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል።

እዚያው ተነቦ የሚመለስ መጽሐፍም እንደ ውሰት ስለማይቆጠር፣ ማመሳከሪያዎች በሙሉ ፈላጊ ያጡ ይመስላሉ። ያልተዋሰ መጽሐፍ ተመላሽ ሲደረግ እንደ ውስጥ ንባብ የሚመዘግብ ቅንብር አለ፤ ቅንብሩ መከፈቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተተዉትን ባርኮዳቸውን እያነበቡ ወደ መደርደሪያ መመለስ ነው።

የጅምላ መሰረዣው ፈጣን ነው፤ ባርኮዶቹን ለጥፎ ማስኬድ ይበቃል። ውሰት ላይ ያለውን አይሰርዝም። «ቅጂ ካልቀረ መዝገቡም ይጥፋ» የሚለው ምርጫ ካልተመረጠ ግን ርዕሱ ካታሎግ ላይ ይቀርና አንባቢ የሌለ መጽሐፍ ሲፈልግ ይውላል። ከመሰረዝ በፊት ግን በጅምላ ማሻሻያው «ከአገልግሎት የወጣ» የሚል ምልክት መስጠት ይሻላል፤ ሐሳብ ቢቀየር ምልክቱን ማንሳት ቀላል ነው።

ኮሃ አዲስ እትም መውጣቱን አያውቅም፤ የመድኃኒት መጠኑ መቀየሩንም፣ ሙጫው ለቆ ገጾቹ መርገፋቸውንም አያይም። ዝርዝሩ ታትሞ መደርደሪያው ዘንድ ይኬድ፤ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ርዕስ ገጽ ጀርባ ተገልጦ የእትሙ ዓመት ይታይ፤ መዝገቡ የድጋሚ ኅትመቱን ዓመት ይዞ አሮጌውን አዲስ አስመስሎት ሊሆን ይችላል። ከሚወጡት መካከል የውሰት ቁጥሩ ከፍ ያለው የግዢ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። በርዕሰ ጉዳዩ ሌላ መጽሐፍ ከሌለና ይዘቱ አደገኛ ካልሆነ፣ ተተኪው እስኪደርስ አሮጌው ባለበት ይቆይ።