ቅዳሜ የማይከፈተው ቤት፦ ጋቢና ቢላዋ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሸማኔና አንድ ቀጥቃጭ በጋራ ተከራይተው የሚሠሩበት ቤት አለ፤ ማስታወቂያ ስለሌለው የወናፉን ድምፅ ተከትሎ መሄድ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጋቢና አንድ የወጥ ቤት ቢላዋ አዘዝኩ።

ሁለቱም ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የአይሁድ እምነት ተከታይ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ይሁን እንጂ ወዳጅ ይሆናሉ ብሎ የሚገምት አልነበረም። ሸማኔው በዕድሜ የገፉ የጎንደር ሰው ሲሆኑ፣ ዘመዶቻቸው በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እርሳቸው ቀርተዋል። ቀጥቃጩ ደግሞ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፤ አያቱ ከጎረቤት ጋር ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ በጓዳ የቅዳሜን ሰንበት ያከብሩ እንደነበር ያወቀው ካደገ በኋላ ነው።

ቢላዋውን ልወስድ የሄድኩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰንበታቸው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፣ በሰንበት ደግሞ እሳት አይቀጣጠልም። አዛውንቱ ከሸማ ጉድጓዳቸው ሳይወጡ «ልጄ፣ እሳቱን አጥፋ፤ ፀሐይ ዘቀዘቀች» አሉት። ወጣቱ አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ሰፈር ካሉ ቤተ እስራኤላውያን የተማረውን ይዞ፣ «አባባ፣ ሳይመሽ የበራ ሻማ ምን ኃጢአት አለው?» ሲል ጠየቀ። «ከመሸ በኋላ የሚነደውስ እሳት አይደለም?» ብለው መለሱለት። ክርክሩ ሳይቋጭ ወጣቱ ፍሙን አመድ አለበሰው። (የከተማዋ መሥራች ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ እስራኤልን አጥብቀው ያሳደዱ ቢሆኑም፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜ እንደ እሑድ እንዲከበር ያስወሰኑት እርሳቸው ነበሩ፤ የቅዳሜ ሙግት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።)

ቢላዋው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ሲሆን፣ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋና ሽንኩርት ከትፎ ስለቱ አልዶለዶመም። የወይራ እጀታው ግን በሦስተኛው ሳምንት ላላ፤ ወስጄው ያለ ክፍያ አጠበቀልኝ።

ጋቢው አራት ድርብ ነው፤ ማጉ ተጠቅጥቆ ስለተመታ በብርሃን ላይ ሲዘረጋ ቀዳዳ አይታይበትም፣ የደብረ ብርሃንንም ውርጭ በሚገባ ይመክታል። ቅሬታዬ በቀጠሮው ላይ ነው። አዛውንቱ ስግድ ለተባለው የቤተ እስራኤል በዓል ወደ ጎንደር ሄደው ሦስት ሳምንት ዘገየብኝ። በዓሉ ከአይሁድ የማስተሰርያ ቀን (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን እንደሚውል አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ ስልክ ደውሎ መናገር አይከብድም ነበር። ወጣቱ ይቅርታ ሲጠይቀኝ፣ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት አብሯቸው ሊሄድ እንዳሰበ ነገረኝ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ጨርሶ ይዘጋል ማለት ነው።

ለእኅቴ ሁለተኛ ጋቢ አዝዣለሁ። ቀጠሮው ለጥር ነው፤ እኔ ግን ለየካቲት ይዤዋለሁ።