ደመወዝ ወይስ ከትርፍ ድርሻ? የድሮ ገንዘብ በቴሌግራም ለሚሸጡ

ባሕር ዳር ተቀምጦ የድሮ ገንዘብ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ፎቶ የሚያነሳለት፣ ለደንበኛ የሚመልስለትና የሚያሽግለት ልጅ ሲቀጥር ወይ ወርኃዊ ደመወዝ ይቆርጥለታል ወይ ከትርፉ ያካፍለዋል።

ድርሻ ለባለቤቱ ይቀለዋል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ከኪሱ አይወጣም። ግን ትርፍ የሚባለው የቱ ነው? ለምሳሌ በ3,000 ብር የተገዛ ጠገራ (ከብር ማዕድን የተሠራ የድሮ ገንዘብ) በ4,500 ቢሸጥ 1,500ው በሙሉ ትርፍ አይደለም፤ ማሸጊያ፣ ማድረሻና ኢንተርኔት ይቀነስበታል። ይህ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልሰፈረ ወሩ ሲያልቅ ጭቅጭቅ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ድርሻ ሰውን ማቻኮሉ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 ይላል። ዘመኑን ለመለየት ጥቃቅን ምልክቶቹንና ጠርዙ ላይ ጎላ ብሎ የወጣውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ማየት፣ ክብደቱም 28 ግራም ገደማ መሆኑን መመዘን ያስፈልጋል። ካልተሸጠ የማይከፈለው ልጅ ይህን ለመዝለል ይገፋፋል። አንዳንዱ እንዲያብረቀርቅ ብሎ በአመድ ይፈትገዋል፤ የተፈተገ ደግሞ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

ደመወዝ ገዢ በሚጠፋበት ወር ባለቤቱን ይከብደዋል፣ አልክድም። ቢሆንም ልጁ የቤት ኪራይ የሚከፍለው በየወሩ ነው። ስለዚህ ኪራዩንና ቀለቡን የሚሸፍን ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ሽያጩ ሲደራ ከተጣራው ትርፍ ጥቂት ይጨመርለት፤ የሒሳብ ደብተሩንም እንደ ልቡ ገልጦ ይየው።