ዲስክ ሲሉኝ «ጡንቻ ነው» ያለችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ገና ድሮ ነው። ግን በደንብ ሳይሻለኝ ሰው አልጠቁምም ብዬ ቆየሁ። አሁን ተሽሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 41 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነኝ። ለታላቁ ሩጫ ተመዘገብኩና፣ 10 ኪሎ ሜትር ምን አላት ብዬ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ሄጄ ሰውነቴን እንኳ ሳላፍታታ ደረጃውን እንደ ልጅ ሽቅብ መሮጥ ጀመርኩ። አራተኛው ዙር ላይ ቀኝ ብሽሽቴ አካባቢ፣ ታፋና ሆድ የሚገናኙበት እጥፋት ላይ፣ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቆምኩ። ከዚያ ሰው አየኝ ብዬ ሁለት ዙር ጨመርኩበት (ጅልነት ነው፣ አውቃለሁ)።

ማታ አልጋ ላይ መገላበጥ አቃተኝ። በማግስቱ ካልሲ ለማድረግ እግሬ አልነሳ አለኝ። ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ የገባሁት ሱሪዬን ጨምድጄ ይዤ እግሬን በእጄ አንስቼ ነው። ረዳቱ «ፋዘር፣ ቶሎ በላ!» አለኝ። ከብሽሽቴ ይልቅ ፋዘር መባሉ ነው ያመመኝ።

ከዚያ ምክር በየአቅጣጫው። እናቴ «ብርድ ነው የመታህ» ብላ ፌጦ አዘጋጀች። አንድ ወጌሻ «ጅማትህ ዞሯል» ብለው በቅባት እስክጮህ አሹኝ። ብዙ ሰው የሚያመሰግናቸው አባት ናቸው፣ የኔ ግን በማግስቱ አበጠና ታፋዬ በውስጥ በኩል ጠቆረ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ እግሬን ሳይነኩ «የወገብ ዲስክ ሊሆን ይችላል» ብለው መርፌ ወጉኝና ኤም አር አይ አዘዙልኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ወደዚህች ፊዚዮቴራፒስት የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መጠየቅ ብቻ ነው። ድንገት ነው የጀመረህ ወይስ ቀስ በቀስ? ምን ስታደርግ ይብስብሃል? እግርህ ይደነዝዛል? ሁሉንም በደብተር ጻፈች። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና «ጉልበትህን አንሳ፣ እኔ ወደ ታች ስጫን እንዳትለቅ» አለችኝ። ግራው ምንም አልሆነ። ቀኙን ስትጫን ግን ጮህኩ። ቀጥላ አልጋው ጫፍ ላይ አስተኝታ ግራ ጉልበቴን ደረቴ ላይ አሳቀፈችኝ፣ ቀኙ እግሬ ሲንጠለጠል ፊት ለፊቱ እንደ ገመድ ተወጠረ። ቡአ እንዳይሆን «እስቲ ሳል ሳል አድርግ» አለች፤ መገጣጠሚያው ደህና መሆኑን ለማየት እግሬን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አዞረችው።

«ዲስክ አይመስለኝም» አለችኝ። «ጉልበት የሚያነሳው ጡንቻ ነው የተጎዳው።» ከወገብ አጥንት ተነስቶ በዳሌ ፊት ለፊት አልፎ ታፋ አጥንት ላይ የሚያያዝ ጡንቻ ነው፤ እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ሳያሟሙቅ ድንገት ሲሮጥበት ክሮቹ ሊቀደዱ ይችላሉ።

ምልክቶቹን ያኔ ባውቃቸው ያን ሁሉ ባልተንከራተትኩ። ሕመሙ ከፊት በኩል ነው፣ መቀመጫ ላይ ወይም ከጎን አይደለም። የጀመረበትን ቅጽበት ብዙ ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። ደረጃ ስትወጡ፣ መኪና ስትገቡ፣ ጉልበት ስታነሱ ይብሳል፤ ብዙ ተቀምጣችሁ ስትነሱ ቀጥ ማለት ያስቸግራል። ቦታው ሲነካ ያማል፣ አንዳንዴ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ያስነክሳል። ጥቂት ክሮች ብቻ ከሆኑ በሁለት በሦስት ሳምንት ይሻላል፣ መካከለኛው ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። የኔ መካከለኛው ነበር።

ግን ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ ማቃጠልና መደንዘዝ ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ጨርሶ መርገጥ ካቃተ ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ትልቅ ሰው ወድቆ እግሩ ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ ከመሰለ በጭራሽ እንዳታሹት፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

የወጌሻውን ነገር ስነግራት አልተሳደበችም። «መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትና ሙቅ ነገር አይደረግም፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልለህ ለ15 ደቂቃ ትይዝበታለህ፣ አሳርፈህ ትደግማለህ» አለች፣ በቃ። በጣም የወደድኩላት ግን ሌላ ነገር ነው። ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ «እዚህ እየመጣህ ለምን ትከፍላለህ?» ብላ እንቅስቃሴዎቹን በራሴ ስልክ ቀርጻ ሰጠችኝ፣ በየሳምንቱም እየደወለች ታጣራ ነበር። ከእሷ በፊት ገንዘብ አልቀበልም የሚል ባለሙያ አላጋጠመኝም ነበር።

ታላቁ ሩጫ አመለጠኝ። ቲሸርቱን ለብሼ ሶፋ ላይ ሆኜ በቲቪ አየሁት።

ስሟን በአደባባይ አትጻፍ ስላለችኝ ነው ያልጻፍኩት፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄያታለሁ። ቅዳሜም ትሠራለች።

ወደ መስቀል አደባባይ ደረጃ መቼ ልመለስ ብዬ ስጨቀጭቃት «መጀመሪያ ሚኒባስ ያለ እጅህ ግባ» ብላኝ ነበር። ትናንት ገባሁ። ረዳቱ አሁንም ፋዘር ነው የሚለኝ።