ስቶሪኮርፕስ አፕ፦ እናቴን የጠየቀልኝ ስልክ

እናቴን ዕድሜዬን ሙሉ አውቃታለሁ፤ በወጣትነቷ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቶቿ ደብዳቤ ትጽፍ እንደነበር ግን የሰማሁት ባለፈው ወር ነው። ሰበቡ ስቶሪኮርፕስ የሚባለው፣ የሰዎችን ጭውውት የሚቀርጽ ነፃ አፕ ነው።

ነገሩ የአሜሪካ ነው። ዴቭ አይሴ የሚባል የራዲዮ ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ፣ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ መቅረጫ ክፍል ከፈተ። ሁለት ሰዎች ይገቡና 40 ደቂቃ አውርተው ቅጂያቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ከፈቀዱ ደግሞ አንዱ ቅጂ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። አይሴ በ2015 ቴድ የተባለው የንግግር መድረክ የሚሰጠውን የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲያገኝ አፑ መጣ፤ ክፍሏ ኪስ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

አጠቃቀሙ ልጅ አያቅተውም። ከዝርዝሩ ጥያቄ ትመርጣለህ፣ ትቀርጻለህ፣ አብራችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ርእስ ትሰጠዋለህ። አለቀ።

ጉዱ ያለው ጥያቄዎቹ ላይ ነው። እኔ ያነበብኳቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሞኝ ሆኜ አንዱን ቃል በቃል ገለበጥኩት፦ «እማዬ፣ ሰዎች በምን እንዲያስታውሱሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ምነው፣ ልሞት ነው እንዴ? ሐኪሙ ለብቻህ የነገረህ ነገር አለ?»

እሷን ማረጋጋት ከቀረጻው በላይ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን እንደ ፍንጭ ብቻ ነው የማየው። «በሕይወትሽ ላይ ትልቁን ተጽዕኖ ያሳደረው ማን ነው?» የሚለውን «ልጅ ሆነሽ ማንን ነበር የምትፈሪው?» አደረግኩት። ወሬው የመጣው ይሄኔ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፦ ስልኩ መሃላችን ሲቀመጥ ጠያቂው እሱ ሆነ። «አሁንስ ምን ይላል?» ትለኛለች። እኔ በራሴ አፍ ደፍሬ የማልጠይቃትን፣ እሷም ለልጇ የማትመልሰውን፣ ለስልኩ ትመልስለታለች። ዝም ስትልም ቶሎ ገብቼ አላወራሁም፤ በአዘቦት ቀን ቢሆን ኖሮ በዚያ ዝምታ መሃል «ምሳ በላሽ?» ብዬ ወሬውን እገድለው ነበር።

ደብዳቤዎቹ የመጡት ከእንደዚህ ያለ ዝምታ በኋላ ነው። ባሎቻቸው ሩቅ አገር ያሉ ሴቶች ያስጽፏታል። ያፍራሉ። «እሷ "ደህና ነኝ በለው" ስትለኝ እኔ "ናፍቀኸኛል፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ አንተ እየመሰልከኝ እነሳለሁ" ብዬ እጨምርበታለሁ።» አንዱ ባል ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ተመለሰ። ሚስትየው ወደ እናቴ አምጥታ «አንብቢልኝ» አለቻት። አነበበችላት። «እንዲህ ብዬ ነበር እንዴ?» «አዎ፣ ብለሽ ነበር።»

ቴክኒኩን በተመለከተ ጥፋቱ የራሴው ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የጣቷ ኳኳታ ከድምጿ በለጠ፤ በ12ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ አክስቴ ደወለች። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጉበት፣ የአውሮፕላን ሁነታውን አብሩ፣ ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ራቁ።

ቀረጻውን በአፑ ወደ ስቶሪኮርፕስ መዝገብ ከመላካችሁ በፊት ግን ባለታሪኩን አስፈቅዱ። «ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል» ስላት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ኮስተር አለች። የእሷን ታሪክ ብሰጥ ግድ የላትም። የሴቶቹን ስም ግን እየጠራች ነው ያወራችው፤ «የነሱን ገመና እኔ ማን ሆኜ ነው የምሰጠው?» አለችኝ። ስለዚህ ይሄኛው ቀረጻ እኛው ጋ ቀረ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ያስቀረኋት አማርኛ እስኪጨመርበት ነው።

ለእሁድ ጠያቂዋ እሷ ናት። ጥያቄዎቿን ብጫቂ ወረቀት ላይ ጽፋ የመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ከታዋለች፤ አሳዪኝ ብላት እምቢ ብላለች።